ላፕቶፕ፣ ሪያልና የእህታችን ላብ



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቤት ገመና ነው፡፡ ቤቱ የራሳችን ነው፡፡ ቢሆንም ተመሳሳይ ነገር የብዙዎቻችሁንም ደጃፍ ሳያንኳኳ እንዳልቀረ እንገምታለንና ሐፍረቱን ትተን እንዳለ እናቀርበዋለን፡፡

በ2017 ዓ.ል. ዒድ አል-ፊጥር በዋለ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ዒሻ ሰግደን ገና ከመስገጃው ሳንነሳ ስልክ ተደወለ፡፡ የደወለችው ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር ታናሽ እህታችን ናት፡፡ ዒዱን ከጠየቀች፣ የእናታችንን ጤና ከጠየቀች፣ የልጆቻችንን ስም አንድ በአንድ ከጠራች በኋላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለልጁ ያንን ላፕቶፕ እኔ እገዛለታለሁ፤ እናንተ አትጨነቁ» አለችን፡፡

«ልጁ» የምትለው የሁላችንም ታናሽ፣ በዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት የሚማረው ወንድማችን ነው፡፡ «ያንን ላፕቶፕ» ያለችውም እንዲያው ማናቸውንም ላፕቶፕ ማለቷ አልነበረም፡፡ በዚያው ሰሞን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣውን፣ የአፕልን ማክቡክ ኤር ባለ ኤም4 ማለቷ ነው፡፡ ልጁ ሥዕሉን በስልክ ልኮላት ኖሯል፡፡ ለእኛ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም፡፡

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማን ደስታ ነበር፡፡ እኛ ባልና ሚስት ለዚህ ልጅ ላፕቶፕ ለመግዛት አንድ ዓመት ሙሉ ስንቆጥብ ኖረን፣ ያጠራቀምናት ገንዘብ ዋጋውን ከኋላ ከኋላ ስትከተል ደክመን ነበር፡፡ እንግዲህ ሸክሙ ከጫንቃችን ወረደ ብለን አልሐምዱ ሊላህ አልን፡፡ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን የልጆቻችን እናት፣ «ለመሆኑ እሷ ስንት ነው የሚከፈላት?» ብላ ጠየቀች፡፡ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሳን፡፡

የእህታችን ደመወዝ በወር 1,200 ሪያል ነው፡፡ ከዚህ ግማሹን ለእናታችን ትልካለች፡፡ ላፕቶፑ በአሜሪካ የወጣበት ዋጋ 999 ዶላር ነበር፡፡ የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ 3,746 ሪያል ይሆናል፡፡ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክሷን ከ5 ወደ 15 ከመቶ ከፍ አድርጋለች፡፡ እሱ ሲደመርበት 4,308 ሪያል ገደማ ይመጣል፤ ባለሱቁ በራሱ በኩል የሚጨምረው ካለ ሳይቆጠር ማለት ነው፡፡ ይህን ለ1,200 ብናካፍለው ሦስት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን የሚሆን ደመወዟ ነው፡፡ ለእናታችን የምትልከውን ሳታቋርጥ ለራሷ ከምታስቀረው ግማሽ እገዛለሁ ካለች ደግሞ ከሰባት ወር በላይ፡፡ ሰባት ወር ሙሉ የሌላ ሰው ወለል ታጥባ፣ የሌላ ሰው ልጅ አዝላ ማለት ነው፡፡

ይህን ሒሳብ በማስተማሪያ ደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍነው፡፡ ደብተሩን ዘግተን ብንተኛም ቁጥሩ አልተኛም፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ታዲያ ውዱ ዕቃ ለረጅም ዘመን ያገለግል የለም ወይ? ርካሹን ገዝቶ በየሁለት ዓመቱ ከመለወጥ አንዴ ተጎድቶ ጥሩውን መግዛት አይሻልም ወይ?» ይለን ይሆናል፡፡ ይህ ክርክር ተራ አይደለም፤ እኛም ራሳችን በርካሽ ዕቃ የተቃጠልን ሰዎች ነን፡፡ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ያንን እናስቀድም፡፡

የነበረችን አሮጌ ኮምፒውተር በ2014 ዓ.ል. በጦርነቱ ወራት ደሴ ላይ ጠፋች፡፡ በተከታዩ ዓመት ከአንድ ሻጭ ላፕቶፕ ገዛን፡፡ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ «ኮር አይ7» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ነበር፡፡ ሻጩ ጣቱን ምልክቱ ላይ አሳርፎ፣ «ከዚህ በላይ የለም» አለን፡፡ እኛም ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ ለልጆች የምናስተምር ሰዎች ነንና 24,000 ብር ቆጥረን ሰጠን፡፡ ቤት ወስደን ብንከፍተው ለመነሳት የአንድ ጀበና ቡና ጊዜ ይፈጅበታል፡፡ ባትሪው አርባ ደቂቃ አይሞላም፡፡ ብንመልሰው ሻጩ፣ «አይተህ ነው የገዛኸው» አለ፡፡ በመድረሳ ኪታብ ስንቀራ፣ ሻጭ የዕቃውን ነውር ከሸሸገ ገዢው የመመለስ ምርጫ እንዳለው፣ ይህም ኺያር እንደሚባል ተምረን ነበር፡፡ ለሻጩ ይህንን ብንነግረው በትዕግሥት አዳመጠንና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ፡፡

በኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳስረዳን፣ የኢንቴል ማቀነባበሪያ ኃይሉ የሚታወቀው በ«አይ5» እና በ«አይ7» ብቻ አይደለም፡፡ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል፡፡ የእኛው አይ7-4600ዩ የሚል ነበር፤ አራተኛ ትውልድ ማለት ነው፡፡ በዚያው ገበያ ላይ ይሸጥ የነበረው፣ እኛ ንቀን ያለፍነው አይ5-8350ዩ ግን ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ በሥራም በዕድሜም ይበልጠዋል፡፡ ነገሩ በዚህ አያበቃም፡፡ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቋርጧል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው፡፡ ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች፣ ምልክቱን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፡፡ በገበያችን ላይ «አይ7» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ዕቃ ከዚህ መስመር በታች ያለ ነው፡፡

እንግዲህ ርካሽን እንዲህ ካየነው፣ ውዱንስ? ውዱ ዕቃ የሚሰጠው ነገር የለም ብንል ዋሾ እንሆናለን፡፡ በሠፈራችን የሠርግና የኒካሕ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት አለ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ ኤም1 ማክቡክ ኤር ገዛ፡፡ ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣ ሲሆን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የለውም፤ ድምፅ አያሰማም፡፡ አምራቹ በአንድ ሙሌት እስከ 18 ሰዓት ቪዲዮ ያሳያል ይላል፡፡ ልጁ ያን ያህል ባይቆይለትም መብራት በጠፋ ቀን ጠዋት ጀምሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ይሠራበታል፡፡ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡ ቀድሞ በነበረው ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ይቆም፣ ደንበኛው ይቆጣ ነበር፡፡ አሁን ሠርጉን በሳምንቱ ያስረክባል፡፡ ዕቃው የወጣበትን ዋጋ በስንት ሠርግ እንደመለሰ ብንጠይቀው ጣቱን ቆጥሮ ነገረን፤ የሁለት እጁ ጣት አልበቃም እንጂ ከዓመት አላለፈም፡፡ ደግሞም ይኸው ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን አዲስ የአፕል ሥርዓት ተቀብሏል፡፡ ለዚህ ልጅ ውዱ ላፕቶፕ እንደ ገበሬ በሬ ነው፡፡ ማንም ኢስራፍ ነው ሊለው አይችልም፡፡

ነገር ግን ዋጋ ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም፡፡ በዚያው በ2020 መጋቢት ላይ፣ የኢንቴል ማቀነባበሪያ ያለው ሌላ ማክቡክ ኤር ወጥቶ ነበር፤ ስሙ አንድ፣ መልኩም አንድ ነው፡፡ ያን የገዛ ሰው ግን የ2025ቱን ሥርዓት ማግኘት አልቻለም፡፡ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ስምንት ወር ብቻ ነው፡፡ እንደዚሁም ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ባወጣቸው ላፕቶፖች ላይ የገጠመው ስስ የፊደል ገበታ በአቧራ ቅንጣት የሚታነቅ ሆኖ ተገኘ፡፡ ተጠቃሚዎች ከሰው ኖሮ፣ በ2022 ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፡፡ አቧራማ ጎዳና ላለን ለእኛ ያ ዕቃ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም፡፡ በተረፈ ራሙም ማከማቻውም ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ ሲገዙት ያነሰ መስሎ ከታየ ሁልጊዜም ያነሰ ነው፡፡ የኤም4ቱ ኤር መነሻው 256 ጊጋባይት ነበር፤ 512 ለፈለገ ሰው በአሜሪካ ዋጋ 200 ዶላር ጨምር ይለው ነበር፡፡

ወደ ወንድማችን እንመለስ፡፡ እኛ የምሕንድስና ሰው አይደለንምና በማግስቱ፣ በተማሪነታችን ዘመን የምናውቀውን አንድ የሲቪል ምሕንድስና መምህር ደውለን፣ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በምን ይሠራል?» ብለን ጠየቅነው፡፡ ኦቶካድ፣ ሬቪትና ኢታብስ ብሎ ቆጠረልን፡፡ ኦቶካድ ለማክ የተሠራ አለው፡፡ ሬቪትና ኢታብስ ግን የሚሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ነው፡፡ በማክ ላይ ዊንዶውስን በሌላ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ ማስኬድ ቢቻልም ሌላ ወጪ አለው፤ ደግሞም ኤም4 ለተሠራበት ሥርዓት ሳይሆን ለሌላ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እንደልብ አያስኬድም፡፡ ይህን ስንሰማ የተሰማንን እንዴት እንግለጸው? እህታችን ሰባት ወር ወገቧን የምትሰብርለት ዕቃ ለልጁ ትምህርት ዋና ለሆኑት ሁለት ፕሮግራሞች የማይመች ነበር!

ለእህታችን መልሰን ደወልንና ይህን ለማስረዳት ጀመርን፡፡ እሷ ግን አላስጨረሰችንም፡፡ «እናንተ አገር ውድ ስለሆነ ነው የምትፈሩት፤ እዚህኮ ርካሽ ነው» አለች፡፡ ይህ ንግግር በየቤቱ የሚነገር ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት፡፡ እውን ውጭ አገር ርካሽ ነውን?

በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም፡፡ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ 6 ከመቶ ሲታከል 999 የተባለው 1,059 ይሆናል፡፡ በኦሪገን ወይም በዴላዌር የሽያጭ ግብር ስለሌለ 999 እንደሆነ ይቀራል፡፡ በብሪታንያ ያው ላፕቶፕ ሲወጣ 999 ነበር፤ ነገር ግን ዶላር ሳይሆን ፓውንድ፡፡ ላይ ላዩን ሲያዩት ዓይን ያወጣ ጭማሪ ይመስላል፤ ሆኖም በውስጡ 20 ከመቶ ታክስ አለ፡፡ እሱ ሲወጣ 832 ፓውንድ ከግማሽ ይቀራል፤ በወቅቱ ምንዛሪ 1,070 ዶላር ግድም ነው፡፡ በጀርመን 1,199 ዩሮ ነበር፤ 19 ከመቶው ሲወጣ 1,007 ዩሮ፡፡ ይህም ከአሜሪካው ይበልጣል፤ ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጩ ዕቃው ከመነሻው ጉድለት ቢኖርበት ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው፡፡ ከልዩነቱ ውስጥ የዚህ ዋስትና ዋጋም ይኖርበታል፡፡ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ድርሃም በ3.6725 የታሰረ ሲሆን ኤምሬቶች የምትወስደው ታክስ 5 ከመቶ ብቻ ነው፡፡ በዚሁ ስሌት ዱባይ ላይ 3,852 ድርሃም ይሆናል፡፡ ድርሃምና ሪያል በዋጋቸው የተቀራረቡ ስለሆኑ እህታችን «ርካሽ» ካለችው ጅዳ ይልቅ ዱባይ በ375 ሪያል ያህል ይቀንሳል፡፡ ለጎብኚ ከሆነ ከታክሱም አብዛኛው ሲወጣ ይመለስለታል፤ ነዋሪ ሆኖ ለሚሠራ ግን አይመለስም፡፡ ሠርቶ አዳሪ የትም አገር ሙሉውን ይከፍላል፡፡

እንግዲህ ታክሱና ዋስትናው ተለይቶ ሲወጣ፣ ዕቃው በየአገሩ ያለው ልዩነት ሰዎች የሚያወሩትን ያህል አይደለም፡፡ በየአገሩ የሚለያየው የገዢው ጉልበት ነው፡፡ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ል. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ 999 ዶላርም 56,943 ብር፡፡ እህታችን በደወለችበት ሰሞን ዶላሩ በባንክ 130 ግድም ደርሶ ስለነበር ያው 999 ዶላር 129,870 ብር ሆነ፡፡ ላፕቶፑ አልተለወጠም፤ በዶላርም አንድ ሳንቲም አልጨመረም፡፡ ለእኛ ግን የአንድ ዓመት ደመወዝ ሆነ፡፡ በዚህ ላይ አስመጪው የሚከፍለው 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የጭነቱ፣ ዕቃው ሳይሸጥ የሚተኛበት ገንዘብ ሲታከል አዲስ አበባ ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ለምን ከዚህ እንደሚያልፍ ይገባናል፡፡ ነጋዴውን ሁሉ ዘራፊ ማለት ቀላል ነው፡፡ አንዳንዱ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም፡፡

ይህ በመሆኑ ነው ሰው ሁሉ በመንገደኛ የሚያስመጣው፡፡ እዚህም ላይ የደረሰብንን አንሸሽግም፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዘመዳችን በምናውቀው መንገደኛ ከዱባይ ላፕቶፕ አስመጣ፡፡ መንገደኛው፣ «በ2,600 ድርሃም ገዛሁልህ፤ ለድካሜ የወደድከውን» አለው፡፡ ዘመዳችንም 2,600ውን በብር መንዝሮ፣ ለድካሙም ጨምሮ ሰጠው፡፡ ከካርቶኑ ሥር የተጣበቀችው ደረሰኝ 2,150 ትላለች! ሲጠየቅ፣ «ታዲያ ነግጄ ላላተርፍ ነው?» አለ፡፡

ማትረፍማ ሐላል ነው፡፡ ጥያቄው በምን ስም መጣህ ነው፡፡ «ልግዛልህ» ያለ ሰው ወኪል ነው፤ እጁ የአማና እጅ ነው፤ በገዛበት ዋጋ ያስረክብና የተስማሙበትን የድካም ዋጋ ይቀበላል፡፡ «ልሽጥልህ» ያለ ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በእጁ አድርጎ፣ በፈለገው ዋጋ ያቀርባል፤ ገዢው ካልፈለገ ይተወዋል፡፡ ሁለቱን ስም ቀላቅሎ በአንዱ አመኔታ፣ በሌላው ትርፍ መውሰድ ነው ነውሩ፡፡ በልጅነታችን ሸይኻችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከከተማ ወጥቶ የሩቅ ነጋዴዎችን በመንገድ ተቀብሎ፣ የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ ዕቃቸውን መግዛትን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉ ሲያስቀሩን፣ ግመልና ጭነት እያሰብን በዚህ ዘመን ምን ያደርግልናል እንል ነበር፡፡ ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ እንዳለውም አስቀርተውናል፡፡ አሁን ስናስበው ነገሩ የግመል አይደለም፡፡ የአንድ አገር ዋጋ ሌላው አገር ላለ ሰው አለመታወቁ ላይ የሚሠራ ትርፍ ነው፡፡ ዛሬ ዱባይ ያለ ሱቅ የሚጠይቀውን ዋጋ ከስልካችን ማየት እንችላለን፤ እያየን እንኳ ለመጠየቅ እናፍራለን፡፡

እህታችን ግን በመንገደኛ አልነበረም ሐሳቧ፡፡ በሦስተኛው ስልክ ነው እውነቱ የወጣው፡፡ ከአሠሪዎቿ የሁለት ወር ደመወዝ በቅድሚያ እንዲሰጧት ጠይቃ፣ እሺ ብለዋት ኖሯል፡፡ በዚያ ምክንያትም በዚያ ዓመት አገር ቤት መጥታ እናታችንን ለማየት የያዘችውን ፈቃድ ለማሳለፍ ተስማምታለች፡፡ ይህን ስንሰማ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተናገርናት፡፡ ልክ አልነበርንም፡፡ እሷም አለቀሰች፡፡ «ለልጁ አንድ ጥሩ ነገር ላድርግ ባልሁ፤ ስጦታዬን ናቃችሁት? እኔ የተማርሁ አይደለሁም፤ እሱ ከሰው ልጆች ጋር እኩል ይቀመጥ ብዬ ነው» አለች፡፡ ለዚህ ምን መልስ አለ? ደብተራችን ላይ የጻፍነው ሒሳብ ለዚህ መልስ አልነበረውም፡፡

ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ደብተሩን ከፍተን ፊቱ አስቀመጥንለት፡፡ አንዳች አልተናገርንም፡፡ ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፡፡ 4,308 ለ1,200 የተካፈለበትን፣ ከሥሩ ለ600 የተካፈለበትን በጣቱ ተከትሎ አነበበ፡፡ የሬቪትን ነገር ብንጠይቀው አስቀድሞ ያውቅ ኖሯል፤ «ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር» አለ፡፡ ቆየት ብሎም አብረውት ከሚያድሩት ስድስት ልጆች ሦስቱ ማክ እንዳላቸው፣ የቡድን ሥራ ሲሠራ እሱ ሁልጊዜ «ማን ያበድረኛል» እያለ እንደሚዞር ነገረን፡፡ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለን ልንገሥጸው አፋችን ላይ ደርሶ ነበር፤ የልጆቻችን እናት በዓይኗ ከለከለችን፡፡ ደግ አደረገች፡፡ ልጁ የጠየቀው ወርቅ አልነበረም፤ ባዶ እጁን መቀመጥ ነው የመረረው፡፡ በዚህ ደግሞ ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ «እየቆጠብን ነው» ከማለት በቀር ምንም አልሰጠነውምና፡፡

የገዛነው ያገለገለ ዕቃ ነው፡፡ በአሜሪካና በአውሮፓ ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጧቸው ጠንካራ ላፕቶፖች አሉ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ የመሳሰሉት፡፡ አዲስ ሲሆኑ ዋጋቸው ከማክ አያንስም፡፡ መሥሪያ ቤቶቹ ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ዓመታቸው በጅምላ ያስወግዷቸዋል፤ ከዚያ እያደሱ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይገዟቸውና ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ወደ እኛ ይመጣሉ፡፡ ውድነቱን የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎታል ማለት ነው፤ ጥንካሬው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል፡፡ አዲስ ከሆነ ግን በርካሽ ፕላስቲክ ከተሠራ ላፕቶፕ ይህኛው ይሻላል የሚል እምነት አለን፤ የሚቃወመን ካለ እንሰማለን፡፡

አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄድንበት ጊዜ ቲንክፓድ ቲ480 በ36,000 ብር አገኘን፡፡ ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ባለ ስምንተኛ ትውልድ ማቀነባበሪያ፣ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል ነው፡፡ ራም የሚጨመርበት ሁለት ማስገቢያ ስላለው በ4,000 ብር ስምንት ጊጋባይት አስጨመርን፡፡ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፤ የውጩ ሳይጠፋ ይነቀላል፣ ይተካል፡፡ በዚህ ጊዜ ግን ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥን፡፡ ቁጥሩን አነበብን፤ እያንዳንዱን ፊደል ተጫንን፤ የባትሪውን ዕድሜ ጠየቅን፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጉድለት ቢገኝበት እንዲመለስ በወረቀት አስፈረምን፡፡ ሻጩ ወጣት ነበር፤ ሲፈርም፣ «ጋሼ፣ የተቃጠሉ ይመስላሉ» ብሎ ሳቀ፡፡

ዕቃው እንከን የለውም አንልም፡፡ ከባድ ነው፤ ሲሞቅ ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም፡፡ ሁለቱ ባትሪዎች ተደማምረው ከሦስት ሰዓት አይዘሉም፤ ያ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ ቢያየው ያዝንልናል፡፡ የፊደል ገበታው ላይ የዓረብኛ ሆሄ ስላለበት አንዳንዶች ዋጋውን ዝቅ አድርገው ያዩታል፤ እኛ ግን ለመድረሳ ልጆች ፈተና ለመጻፍ በክረምቱ ልንበደረው ከወዲሁ ቃል አስገብተነዋል፡፡

እህታችን ለአሠሪዎቿ የቅድሚያውን ገንዘብ እንደማትፈልገው ነገረቻቸው፡፡ ከእኛ ጋር ግን ሁለት ሳምንት አልተነጋገረችም፡፡ በመጨረሻ የደወለችው ለልጁ ነው፡፡ እኛ አጠገቡ ተቀምጠን እንዳልተቀመጥን ሆንን፡፡

«እስቲ አሳየኝ» አለችው፡፡ ስልኩን አዙሮ አሳያት፡፡

«ይችው ናት? ጥቁር ጡብ አይደለችም እንዴ!»

«እታለም፣ ሬቪት ትከፍታለች» አላት፡፡ የሳለውን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከፍቶ እያዞረ ያሳያት ጀመር፡፡ ዝም ብላ አየች፡፡ ከዚያ፣ «ሳሎኑ ጠበበ» አለችው፡፡ «እናታችን ወደ ምሥራቅ የሚከፈት መስኮት ትወዳለች፤ ያንን አንሳና እዚህ ጋ አድርገው፡፡ እኔ ስመጣ የት ነው የምተኛው?»

ልጁ አይጡን ይዞ አንድ ክፍል መጨመር ጀመረ፡፡ ማራገቢያው ጮኸ፡፡